አሮጌው ሳን ሁዋን፦ ምሽጎቹንና ከተማውን በአንድ ቀን ተኩል በእግር አይቶ ለመጨረስ

ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ያለው አሮጌው ሳን ሁዋን ትንሽ ከተማ ነው። በምሥራቅ ካለው ከኮሎን አደባባይ ተነስቶ በምዕራብ ጫፍ እስከ ኤል ሞሮ ምሽግ በር ያለው መንገድ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ብዙ ሰው ግማሹን እንኳ ሳያይ ደክሞት የሚመለሰው ከተማው ሰፍቶበት ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ስለሚበላሽበት ነው። ቀኑን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ፀሐይዋ፣ ዳገቱ፣ የመርከብ መንገደኞች ከተማውን የሚሞሉበት ሰዓት። ከታች ያለው አካሄድ እነዚህን ሦስቱን ለመቅደም የተሰናዳ ነው። ሰዓቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ጠዋት 9:30 ሲባል በእኛ 3:30 ነው።

ቲኬት ከመቁረጥ በፊት፦ ወረቀት

ፖርቶ ሪኮ ከ1898 ጀምሮ የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች ከዋሽንግተን፣ ከአትላንታ ወይም ከዳላስ ወደ ሳን ሁዋን መሄድ የአገር ውስጥ በረራ ነው። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ፓስፖርት አያስፈልገውም፤ ሪል አይዲ ምልክት ያለበት መንጃ ፈቃድ ይበቃዋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዋናውን ካርድ ይያዝ፤ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይበቃም። ወደ ዋናው ምድር ሲመለሱ የኢሚግሬሽን መኮንኖች ወረቀት ሊጠይቁ ስለሚችሉ የጥገኝነት ጉዳያቸው ያላለቀ ሰዎች ጠበቃቸውን ሳያማክሩ ቲኬት ባይቆርጡ ይሻላል።

ከአዲስ አበባ በአሜሪካ ቪዛ የመጣ እንግዳም ለፖርቶ ሪኮ ሌላ ቪዛ አይጠየቅም። ወጥመዱ ያለው መርከብ ላይ ነው። ከሳን ሁዋን ተነስቶ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ወይም ሴንት ማርተን የሚደርስ መርከብ ከአሜሪካ ያስወጣል። ቪዛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ ተመልሶ መግባቱ ችግር ነው። እናትና አባትን ለማስደሰት ተብሎ የሚገዛ የመርከብ ጉዞ እዚህ ላይ ሊበላሽ ስለሚችል ከመክፈልዎ በፊት ቪዛው ላይ የመግቢያው ቁጥር ስንት እንደሚል ይዩ።

ወቅትና ማደሪያ

የማዕበል ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ሲሆን ክፉው ጊዜ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ነው። ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል አየሩ ደግ ነው፤ ግን ማደሪያው ይወደዳል፣ መርከቡም ይበዛል። በጃንዋሪ ሦስተኛ ሳምንት አካባቢ የሳን ሴባስቲያን መንገድ በዓል ስለሚከበር ምሽጎቹን ለማየት ብቻ የሚሄድ ሰው ያን ሳምንት ቢዘለው ይሻላል። ኤፕሪል መጨረሻና ሜይ ምርጥ ናቸው። ደሴቲቱ ሰዓቷን ስለማትቀይር ከማርች አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ከዋሽንግተን ጋር እኩል ናት፣ በቀረው ጊዜ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። የመመለሻ በረራ የሚያመልጣቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህን የዘነጉ ናቸው።

ማደሪያውን አሮጌውን ከተማ ከሚከበው ግንብ ውስጥ ይያዙ። ጠዋት ማንም ሳይወጣ መንገዱ ላይ መገኘት የሚቻለው እዚያ ላደረ ሰው ብቻ ነው። ከመክፈልዎ በፊት አከራዩን አራት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ስንተኛ ፎቅ ነው? አሮጌዎቹ ቤቶች ሊፍት የላቸውም፣ ደረጃቸውም ቀጥ ያለ ነው። ሁለተኛ፣ ጀኔሬተር አለው? በ2017 ማዕበል ማሪያ የኤሌክትሪክ መስመሩን ካፈራረሰው ወዲህ መብራት መጥፋቱ የተለመደ ነው፤ እዚያ «ፕላንታ» ይሉታል። ሦስተኛ፣ ሮቶ አለው? መብራት ሲጠፋ ውሃም ሊከተል ይችላል፤ እነሱ «ሲስቴርና» ይሉታል። አራተኛ፣ መስኮቱ ወደ ሳን ሴባስቲያን መንገድ ነው የሚከፈተው? ከሆነ ከሐሙስ እስከ እሁድ እንቅልፍ የለም።

ከአውሮፕላን ማረፊያው መግባት

ማረፊያው ከአሮጌው ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ያለ ጭንቅንቅ 20 ደቂቃ ነው። የማረፊያው ታክሲዎች በዞን ቋሚ ዋጋ አላቸው። እስከ አሮጌው ከተማ ከ20 እስከ 25 ዶላር ይዘው ያስቡ፤ ለሻንጣ ጥቂት ይጨመራል። ዋጋው የመኪናው እንጂ የሰው ስላልሆነ ለቤተሰብ ያዋጣል። ዞኑና ዋጋው የተጻፈበትን ወረቀት መኪናው ሳይነሳ ይቀበሉ።

ለዚህ ከተማ መኪና አይከራዩ። መንገዱ ጠባብና ባለ አንድ አቅጣጫ ነው፣ ጥጉ የነዋሪ ማቆሚያ ነው። ሌላ ቦታ ለመሄድ የግድ ከሆነ ወደብ አጠገብ ያሉት ዶኛ ፌላና ላ ፑንቲያ የሚባሉት ማቆሚያዎች ይሻላሉ፤ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ግን እነሱም ይሞላሉ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ጠዋት 7:00፣ ከግንቡ ውጪ

ጫማ ላይ ይጠንቀቁ። የከተማው መንገዶች የተነጠፉት ከብረት ማቅለጫ በሚወጣ ዝቃጭ በተሠሩ ጡቦች ነው፤ አዶኪን ይባላሉ። ደርቀው ሲታዩ ግራጫ ናቸው፣ ዝናብ ሲነካቸው ሰማያዊነታቸው ቦግ ብሎ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታሉ። ከሰዓት በኋላ አስር ሃያ ደቂቃ የሚጥል ዝናብ የተለመደ ስለሆነ የላስቲክ ሶል ያለው ጫማ ያድርጉ። ታኮ ጫማ በጡቦቹ መሃል ይሰነቀራል። ለሰው አንድ ሊትር ተኩል ውሃ፣ ኮፍያና የፀሐይ ቅባት ይያዙ።

በቀይ ቀለም ወደተቀባው የሳን ሁዋን በር ይውረዱ። ከጥንቶቹ የከተማ በሮች እንደነበረ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ከበሩ በላይ በላቲን የተቀረጸው «በጌታ ስም የሚመጣ የተባረከ ነው» የሚለው፣ በሆሳዕና የምንዘምረው ቃል ነው፤ ከመርከብ የወረደ ሹምና ጳጳስ በዚህ ገብቶ ዳገቱን ወደ ካቴድራሉ ይወጣ ነበር።

በበሩ ወጥተው ወደ ቀኝ ሲዞሩ ፓሴዮ ዴል ሞሮ የሚባለው የእግር መንገድ ይጀምራል፤ በግራ ባሕሩ፣ በቀኝ ግንቡ ነው። መንገዱ በደሴቱ ምዕራብ በኩል ስለሆነ ጠዋት ግንቡ ራሱ ጥላ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ያው ግንብ የዋለበትን ሙቀት ፊት ላይ ይተፋል፤ ያን ጊዜ ጥላ የሚባል አይገኝም። ቀና ብለው የግንቡን ቁመት የሚያዩበት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። የግንቡ ጥግ ላይ የተንጠለጠሉት ክብ የዘብ ቤቶች «ጋሪታ» ይባላሉ፤ የደሴቲቱ መለያ ሆነው በመኪና ታርጋ ላይ ሳይቀር ታትመዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ መንገዱ በኤል ሞሮ ሥር ስለሚዞር መጨረሻው ላይ ወደ ምሽጉ የሚያስገባ መስሎት ነው። አያስገባም። ጫፉ ዝግ ነው፣ የሄዱበትን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ተመልሰው በዚያው በር ነው የሚገቡት። ስለዚህ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ይመድቡለት፤ ምሽጉ ከመከፈቱ በፊት ባለው ጊዜ ይጨርሱት። ከውሃው ዳር አለቶች ላይ አይውረዱ፤ የሚንሸራተት አረንጓዴ አልጌ አለባቸው፣ ማዕበሉም ሳይታሰብ ይደርሳል።

ከ8:15 እስከ 9:30፦ ዳገቱን በቀስታ

ከበሩ ፊት ለፊት ያለችው አጭር ዳገት ካቴድራሉ ጋ ታደርሳለች። በ1508 ካፓራ የሚባለውን የስፔናውያን ሰፈር የቆረቆረው ሁዋን ፖንሴ ዴ ሌዮን የተቀበረው እዚህ ነው። ከካቴድራሉ ፊት ያለው ትልቅ ሕንፃ በ1651 የተመሠረተ የሴቶች ገዳም ነበር፣ አሁን ሆቴል ነው። ቁርስና ቡና እዚህ አካባቢ ይብሉ። ቡና ሲያዝዙ «ፖሲዮ» ካሉ በትንሽ ስኒ ይመጣል፣ «ኮርታዲቶ» ወተት ጠብ ያለበት ነው፣ «ፑያ» ካሉ ያለ ስኳር ነው። ቡናው ከተራራው የሚለቀም አረቢካ ነው፤ ዘሩ የተነሳው ከእኛ ዘንድ ስለሆነ ለሐበሻ ምላስ እንግዳ አይሆንም፣ ግን አቆላሉ ጠቆር ይላል።

ቀጥለው ክሪስቶ የሚባለውን መንገድ ወደ ላይ ይውጡ። ጫፉ ላይ የሳን ሆሴ ቤተ ክርስቲያን አለ። ግንባታው የተጀመረው በ1532 ሲሆን ከረጅም እድሳት በኋላ በ2021 ተከፍቷል፤ ክፍት ካገኙት ጣሪያውን ቀና ብለው ይዩ። ከዚያ ወደ ኤል ሞሮ ሜዳ ነው።

9:30፦ ኤል ሞሮ

ከመንገዱ እስከ ምሽጉ በር ያለው ሜዳ አንድ ዛፍ የለውም። ይህ የስንፍና ሥራ አይደለም፦ ጠላት የሚደበቅበት እንዳያገኝ ሆን ተብሎ ባዶ የተተወ የመድፍ መተኮሻ ሜዳ ነው። እኩለ ቀን ላይ የሚያቋርጥ ጎብኚ የሚገባውን ያህል ይቀጣል። በሩ ሲከፈት መድረስ ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ከ9:30 እስከ 4:30 ስለሆነ ከመሄድዎ በፊት በብሔራዊ ፓርኮች ድረ ገጽ ያረጋግጡ።

መግቢያው ከ16 ዓመት ጀምሮ 10 ዶላር ነው፣ ከዚያ በታች ነፃ። ካርድ ይያዙ። በዚሁ ቲኬት በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለተኛውንም ምሽግ፣ ሳን ክሪስቶባልን፣ ያያሉ፤ ደረሰኙን አይጣሉት። ስሌቱን ግን ልብ ይበሉ፦ 9:30 ላይ ኤል ሞሮ ገብተው በማግስቱ 10:00 ላይ ሳን ክሪስቶባል ቢደርሱ ጊዜው አልፎበታል። ወይ ሁለቱን በአንድ ቀን ይጨርሱ፣ ወይ የመጀመሪያውን እኩለ ቀን አካባቢ ይጀምሩ።

ምሽጉ ስድስት እርከን አለው። የሚገቡት ከላይኛዎቹ በአንዱ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ታች ይውረዱ፤ ጉልበት ሳይደክም፣ ሰው ሳይበዛ። ሰፊውን መወጣጫ ይዘው ሳንታ ባርባራ ወደሚባለው የመድፍ ሰልፍ ሲደርሱ የወደቡ አፍ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይገባዎታል። የገዢው ቤት ላ ፎርታሌሳ በምሽግነት መሠራት የጀመረው በ1533 ነበር፤ ግን ከተሠራበት ቦታ የወደቡ መግቢያ አይታይም። ለዚህ ነው በ1539 እዚህ አለት ላይ ሌላ የተጀመረው። በ1595 እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ድሬክ በባሕር መጥቶ በዚህ አፍ ተመትቶ ተመልሷል።

ከታች ወደ ዋናው ግቢ ተመልሰው ከላይ ወዳለው የመብራት ማማ ይውጡ። ማማው የ1908 ሥራ ነው፤ የቀድሞው በ1898 የአሜሪካ መርከቦች ምሽጉን በደበደቡ ጊዜ ተጎድቶ ነበር። ከግንቡ ላይ ሦስት ባንዲራ ይውለበለባል፦ የአሜሪካ፣ የፖርቶ ሪኮ፣ ሦስተኛው ነጭ ላይ ቀይ ጉጥጓጥ መስቀል ያለበት የቀድሞ የስፔን ጦር ባንዲራ። ከላይ የሚታየው ግራጫ የኮንክሪት ማማ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጨመረ ነው። ለሁሉም አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። የሕፃን ጋሪ እዚህ ሸክም ነው፤ ልጅ በጀርባ ይታዘል። ድሮን ክልክል ነው። ሜዳው ላይ ግን ካይት ማብረር ይቻላል፤ ነፋሱ ስለማያቋርጥ ልጆችን የሚያዝናናቸው ከምሽጉ ይልቅ እሱ ነው።

እኩለ ቀን፦ ጥላ፣ ምግብና የጾም ጉዳይ

ከ11:30 እስከ 2:00 ከፀሐይ ይሽሹ። ከኤል ሞሮ ሜዳ ፊት ያለው ባዬሃ የሚባለው ሰፊ የጦር ሰፈር ሁለተኛ ፎቁ ላይ የአሜሪካዎች ሙዚየም አለው፤ የአፍሪካን ቅርስ የሚመለከተው ክፍል ሊታይ የሚገባው ነው። በፖርቶ ሪኮ ባርነት የተሻረው በማርች 22 ቀን 1873 ነው።

የደሴቲቱ ዋና ምግብ ሞፎንጎ ነው። ፕላንቴን የሚባለው ሙዝ መሰል ፍሬ ሳይበስል ተጠብሶ በእንጨት ሙቀጫ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይወቀጣል። ችግሩ፣ ወቀጣው ላይ ቺቻሮን የሚሉት የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ ይገባበታል። አብሮ በትንሽ ኩባያ የሚመጣው መረቅም የዶሮ ነው። ቀይ ባቄላው ብዙ ጊዜ በአሳማ ሥጋ ቁራጭ ይቀቀላል፤ ከአተር መሰሉ ጋንዱሌስ ጋር የሚሠራው ሩዝም እንደዚያው። ስለዚህ የሚጾም ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም «ሥጋ የለበትም?» ብሎ ቢጠይቅ አስተናጋጁ ከላይ ሥጋ ስላልተደረገ ብቻ የለበትም ሊለው ይችላል። እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ቲዬኔ ሰርዶ?» (አሳማ አለው?)፣ «ሲን ቺቻሮን፣ ሲን ካልዶ» (ያለ አሳማ ቆዳ፣ ያለ መረቅ)። ለጾመኛ የሚያስተማምነው ተጨፍልቆ የተጠበሰው ፕላንቴን ቶስቶኔስ ከአቮካዶ ሰላጣ ጋር፣ ወይም በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የሚቀርበው ቅቅል ዩካ ነው። የመጥበሻው ዘይት የጋራ መሆኑን ግን ልብ ይበሉ። ዓሣ የሚበላ ሰው አይቸገርም።

ለምሳ ከ15 እስከ 25 ዶላር ያስቡ፤ ግብርና ከ15 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ ይጨመራል። መንገድ ላይ በጋሪ የሚሸጠው ፒራጉዋ፣ በተፋቀ በረዶ ላይ ሽሮፕ የተደረገበት፣ ለጾምም ይሆናል፤ ታማሪንዱን ይሞክሩ።

2:00፦ ሳን ክሪስቶባል

ኖርዛጋራይ በሚባለው በሰሜኑ መንገድ ወደ ምሥራቅ ይሂዱ፤ ባሕሩ በግራዎ ይሆናል፣ መንገዱም ብዙ ዳገት የለውም። ከታች በግንቡና በባሕሩ መካከል የሚታየው ሰፈር ላ ፔርላ ነው። የሰው መኖሪያ መሆኑን አይርሱ፤ ነዋሪውን ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሱ፣ በማታም አይውረዱ።

ሁለቱን ምሽጎች ከኤል ሞሮ መጀመር የሚሻለው ታሪኩም በዚያው ቅደም ተከተል ስለሚሄድ ነው። ድሬክ በባሕር በተመለሰ በሦስት ዓመቱ፣ በ1598፣ እንግሊዛዊው የከምበርላንድ ጌታ ጦሩን በምሥራቅ በኩል አውርዶ በየብስ መጥቶ ኤል ሞሮን ያዘ፤ ያስወጣው የስፔን ጦር ሳይሆን ወታደሮቹን የጨረሰው የተቅማጥ በሽታ ነው። በ1625 ደግሞ ሆላንዶች ከተማውን አቃጠሉ። የባሕር በሩ ብቻ ተዘግቶ እንደማይበቃ የገባቸው ያኔ ነው፤ የከተማው ግንብና ይህ የየብስ ምሽግ የተከተሉትም ለዚህ ነው። ከ1765 በኋላ በአይሪሾቹ በኦሬሊና በኦዴሊ አማካይነት ተስፋፍቶ ስፔን በአሜሪካዎች ከገነባችው ሁሉ ትልቁ ሆነ። በ1797 እንግሊዞች በዚሁ በኩል መጥተው ሳይሳካላቸው ተመለሱ።

ውስጡ ሲገቡ ቀጥታ ወደ ዋሻዎቹ ይሂዱ፤ የቀኑ ሙቀት ከፍ ባለበት ሰዓት ቀዝቃዛ ናቸው። በአንደኛው ጨለማ የእስር ክፍል ግድግዳ ላይ እስረኛ እንደሳላቸው የሚነገሩ መርከቦች አሉ፦ ሸራቸው፣ ገመዳቸው ሳይቀር በጥንቃቄ የተሰመረ። የስልክዎን ፍላሽ ከማብራት ይልቅ ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ይቁሙ። ከግቢው ሥር ያሉትን የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያዎችም አይለፉ፤ ምሽጉ ምንጭ ስላልነበረው ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ነበር የሚያኖረው። ከዚያ ወደ ላይኛው እርከን ይውጡ። እዚህ ያለው የከተማ እይታ ከኤል ሞሮ ይበልጣል። መጸዳጃ ቤት ሳይጠቀሙ አይውጡ፤ ከምሽጎቹ ውጪ ነፃ መጸዳጃ ማግኘት ከባድ ነው።

ከወጡ በኋላ ኮሎን አደባባይ ላይ ግንቡ ድንገት ሲቋረጥ ያያሉ። በ1897 ከተማው መስፋፊያ ስላጣ ያፈረሱት ክፍል ነው።

ማግስቱን፦ ግማሽ ቀን

ወደቡ ዳር ካለው መነሻ ወደ ካታኞ የሚሻገረውን የሕዝብ ጀልባ ይያዙ፤ ዋጋው ከአንድ ዶላር በታች ነው። ላ ፎርታሌሳንና ምዕራቡን ግንብ ከውሃ ላይ ለማየት ብዙ ዶላር ከሚጠይቁት የመዝናኛ ጀልባዎች ይልቅ ይህ ይበቃል። ከተመለሱ በኋላ ከኤል ሞሮ ሜዳ በስተቀኝ የሚወርደውን መንገድ ይዘው ባሕር ዳር ያለውን የማሪያ ማግዳሌና መካነ መቃብር ይዩ፤ በቀን ብርሃን ብቻ።

ከመርከብ ለጥቂት ሰዓት የወረደ ሰው ግን ሁለቱን ምሽግ ለማየት አይሩጥ። ሳን ክሪስቶባል ከመርከቦቹ መቆሚያ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ እሱን ይይ፣ በፎርታሌሳ መንገድ ተመልሶ ይግባ። ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ኤል ሞሮ ስለሚጎርፍ ሰልፉም ያነሰ ነው።

ሲመለሱ

ከሳን ሁዋን ወደ ዋናው አሜሪካ የሚሄድ ሻንጣ ሁሉ፣ ለአየር መንገዱ ከመሰጠቱ በፊት በግብርና ሚኒስቴር መመርመሪያ ማሽን ማለፍ አለበት። ማሽኖቹ ከመግቢያ ባንኮኒው በፊት ናቸው፤ የእጅ ቦርሳም ይታያል። ሰልፉ ስለሚረዝም ከተለመደው በላይ 30 ደቂቃ ይጨምሩ። ማንጎ፣ ፓሽን ፍሩት፣ አፈር ያለበት ተክልና ያልደረቀ የቡና ፍሬ ይወሰድብዎታል። የተቆላ ቡና በታሸገ ፓኬት ያልፋል።